ከፈረስ መጋላ አዲስ አበባ ስንት ሰዓት ነው?

እኛ የመሠረተ ትምህርት አስተማሪዎች ነን። ዩኒቨርሲቲ ሲዘጋ ለማስተማር የመጣን ተማሪዎች ነን። የትምህርት ጣቢያችን ከሐረር ከተማ ወጣ ብሎ በሚገኝ ቀበሌ ነው። ቅዳሜ ትምህርት ስለሌለ ጠመኔና ደብተር ለመግዛት ወደ ከተማ እንሄዳለን። የምንገናኘው ሁልጊዜ ፈረስ መጋላ ነው።

ፈረስ መጋላ የጁገል ዋና አደባባይ ነው። ጁገል ማለት በግንብ የታጠረው አሮጌው የሐረር ከተማ ነው። ግንቡን በ16ኛው መቶ ዓመት ያሠሩት ኤሚር ኑር ናቸው። በ1998 ዓ.ም. ዩኔስኮ የሚባለው የዓለም ድርጅት ጁገልን በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል።

መጋላ በሐረሪ ቋንቋ ገበያ ማለት ነው። እንግዲህ ፈረስ መጋላ የፈረስ ገበያ ማለት ነው። ዛሬ ግን የፈረስ ገበያ የለም። በፈረሱ ቦታ ባጃጅና ታክሲ ቆመዋል። ከመሐል በ1879 ዓ.ም. በጨለንቆ ጦርነት ለወደቁ የሐረር ሰዎች የቆመ መታሰቢያ አለ። የመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያንም አደባባዩን ይመለከታል። ከአደባባዩ አንዱ መንገድ ወደ መኪና ግርግር ይወስዳል። መኪና ግርግር የልብስ ሰፊዎች መንደር ነው። ስሙን ያገኘው ከስፌት መኪናው ድምፅ ነው።

በዚህ አደባባይ ላይ አንድ ቅዳሜ ትልቅ ትምህርት ተማርን። እኛ አስተማሪዎቹ ተማርን ማለታችን ነው። ነገሩ እንዲህ ነው።

ትኬቱ

ከተማሪዎቻችን መካከል አንዲት እናት አሉ። እኛ እማማ እንላቸዋለን። ዕድሜያቸው ከ50 አልፏል። ፊደል የቆጠሩት በዚህ ዓመት ነው። ቁጥር ግን ከሁሉ ቀድመው ነው የያዙት። ለብዙ ዘመን በገበያ ሲሸጡና ሲለውጡ ስለኖሩ ሒሳብ አይከብዳቸውም።

እማማ የ7 ዓመት የልጅ ልጅ አላቸው። ልጁ የልብ ሕመም አለበት። ትንሽ ከሮጠ ትንፋሽ ያጥረዋል። አዲስ አበባ ካለ ሆስፒታል ቀጠሮ ለማግኘት ወራት ወስዷል። ቀጠሮው ሰኞ ነው። አዲስ አበባ የሚሠራው የእማማ ልጅ «ቀን ሙሉ በአውቶቡስ ከሚንገላታ በአይሮፕላን ይምጣ» ብሎ ለሁለቱም የእሑድ ትኬት ገዛላቸው። ትኬቱን በስልክ ላከው። እነሱም ሐረር ፎቶ ኮፒ ቤት አስወጡት።

ሐሙስ ዕለት እማማ ወረቀቱን ይዘው ትምህርት ጣቢያ መጡ። ጽሑፉ በላቲን ፊደል ነው። ስማቸውን እንኳ ማንበብ አልቻሉም። ቁጥሩን ግን አገኙት። ጣታቸውን አስቀምጠው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አነበቡ።

«ዜሮ ሰባት፣ ሁለት ነጥብ፣ ዜሮ ዜሮ። ሰባት ሰዓት ማለት ነው አይደል?»

ክፍሉ በሙሉ አጨበጨበ። እኛም «ጎበዝ እማማ!» አልን። ደስ አለን። ያለ ማንም እርዳታ ሰዓት ከወረቀት ላይ አነበቡ። እኛ ግን ወረቀቱን ጠጋ ብለን አላየነውም። ስሕተቱ እዚህ ላይ ነው። ደስታችን ዓይናችንን ጋረደው።

ሦስት መልስ

ቅዳሜ ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ፈረስ መጋላ ከእማማ ጋር ተገናኘን። ልጁን ይዘው መጥተዋል። ጁገል ውስጥ ዘመድ ቤት አድረው እሑድ ከጧቱ 3 ሰዓት ላይ ወደ ድሬዳዋ ሊሄዱ አስበዋል። አይሮፕላን ማረፊያው ያለው ድሬዳዋ ነውና። ለመንገድ ዳቦና ሙዝ ገዝተዋል።

ሻይ ቤት በር ላይ ተቀመጥን። ልጁ እማማን ጠየቃቸው።

«ከዚህ አዲስ አበባ ስንት ነው?»

አጠገባችን የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ቀድመው መለሱ።

«አንድ ቀን ነው ልጄ። ጎህ ሳይቀድ ተሳፍረህ ሲመሽ ትገባለህ።»

ሻይ ይጠጣ የነበረ አንድ ሾፌር ደግሞ «525 ኪሎ ሜትር ያህል ነው» አለ። ይህ ሰው ከሐረር ድሬዳዋ በሚኒባስ የሚመላለስ ነው።

አንድ ወጣት ሳቀና «ኧረ በአይሮፕላን 1 ሰዓት ነው!» አለ።

ልጁ ግራ ገባው። አንዱ ቀን አለ። አንዱ ኪሎ ሜትር አለ። አንዱ ሰዓት አለ። ማን ነው ትክክሉ? ሦስቱም ትክክል ናቸው። ሾፌሩ የተናገረው ርቀት ነው። ርቀት ማለት ከአንድ ቦታ እስከ ሌላው ያለው የመንገድ ርዝመት ነው። ሽማግሌውና ወጣቱ የተናገሩት ጊዜ ነው። ጊዜው የተለያየው የአውቶቡስና የአይሮፕላን ፍጥነት ስለሚለያይ ነው። ፍጥነት ማለት በ1 ሰዓት ውስጥ የሚታለፍ ርቀት ነው።

ይህን ለልጁ እያስረዳን ሳለ ሾፌሩ እማማን ጠየቃቸው።

«እናቴ፣ አይሮፕላንዎ ስንት ሰዓት ነው?»

«ነገ ሰባት ሰዓት።»

«ሰባት ሰዓት? እስቲ ወረቀቱን ያሳዩኝ።»

አየው። ከዚያም ቀስ ብሎ ተናገረ።

«እናቴ፣ ይኼ የእኛ ሰባት ሰዓት አይደለም። የፈረንጅ ሰዓት ነው። አይሮፕላኑ የሚነሣው ከጧቱ 1 ሰዓት ነው።»

ሁላችንም ዝም አልን። እኛ ወረቀቱን ተቀብለን አየነው። እውነቱን ነው። እማማ ባሰቡት ሰዓት ቢነሡ ኖሮ ድሬዳዋ የሚደርሱት ከ4 ሰዓት በኋላ ነበር። አይሮፕላኑ ግን ከሦስት ሰዓት በፊት ሄዷል። የስንት ወር ቀጠሮ ይበላሽ ነበር። ልጁ ዳቦውን ይበላል። ምንም አላወቀም።

እማማ አልተቆጡንም። «ለካ ማንበብ ብቻውን አይበቃም» አሉ። ይህ ቃል ከቁጣ ይልቅ ተሰማን።

የትኬት ሰዓትና የእኛ ሰዓት

ውድ አንባቢዎች፣ ይህን በደንብ ያዙ። የእኛ ቀን የሚጀምረው ፀሐይ ስትወጣ ነው። ከወጣች 1 ሰዓት ሲሆናት 1 ሰዓት እንላለን። በትኬት ላይ ያለው ቀን ግን የሚጀምረው እኩለ ሌሊት ላይ ነው። ስለዚህ በሁለቱ መካከል የ6 ሰዓት ልዩነት አለ። የትኬት ሰዓት ደግሞ 12 ላይ አይቆምም። እስከ 24 ይቆጥራል።

ስሌቱ ቀላል ነው። በትኬቱ ላይ ያለው ቁጥር ከ7 እስከ 18 ከሆነ 6 ቀንሱ። 7 ቢል 1 ሰዓት ነው፤ ጧት ነው። 10 ቢል 4 ሰዓት ነው። 13 ቢል 7 ሰዓት ነው፤ ቀን ነው። ከ19 እስከ 24 ከሆነ 18 ቀንሱ። 20 ቢል ከምሽቱ 2 ሰዓት ነው። ከ1 እስከ 6 ከሆነ ግን 6 ደምሩ። 4 ቢል ከሌሊቱ 10 ሰዓት ነው።

የእማማ አይሮፕላን በእኛ ሰባት ሰዓት የሚነሣ ቢሆን ኖሮ ወረቀቱ 13 ይል ነበር።

ወደ ድሬዳዋ

ሾፌሩ ሻዩን ሳይጨርስ ተነሣ። «አሁኑኑ እንሂድ። ዛሬ ድሬዳዋ እደሩ» አለ። በሸዋ በር ወጥተን ከመናኸሪያው ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ ተነሣን። እኛም እማማን ብቻቸውን አልተውናቸውም። ሁለት ሆነን ሸኘናቸው።

ከሐረር ድሬዳዋ 55 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። መጀመሪያ አወዳይ ይመጣል። አወዳይ ትልቅ የጫት ገበያ ነው። የጫት መኪናዎች እየበረሩ ያልፉናል። ቅጠሉ ሳይጠወልግ መድረስ አለበት። ለጫት ነጋዴ ርቀቱ በኪሎ ሜትር አይለካም፤ በቅጠሉ ዕድሜ ይለካል።

ከዚያ ሐረማያ ደረስን። ሐይቁ ደርቆ ከብት ይሰማራበት ነበር። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ግን ውሃ ይዞ ይታያል። ልጁ በመስኮት አይቶ «ባሕር!» አለ።

ደንገጎ ላይ መንገዱ ይከፈላል። አንዱ በቁልቢ በኩል ወደ አዲስ አበባ ይሄዳል። ሌላው ወደ ድሬዳዋ ይወርዳል። ቁልቁለቱ ብርቱ ነው። መንገዱ እንደ እባብ ይጠማዘዛል። ሐረር ከባሕር ወለል በላይ 1,900 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ናት። ድሬዳዋ ግን 1,200 ሜትር ያህል ላይ ናት። ብርዱ ከኋላችን ቀረ። ሙቀት ተቀበለን።

ይህ ቁልቁለት የአገራችንን ታሪክ ለውጧል። በ1886 ዓ.ም. አፄ ምኒልክ ከጅቡቲ የሚመጣ የባቡር ሐዲድ እንዲሠራ ፈቀዱ። ሐዲዱ በሐረር በኩል እንዲያልፍ ታስቦ ነበር። ነገር ግን ባቡር እንዲህ ያለውን ተራራ በቀላሉ አይወጣም። ስለዚህ ሐዲዱ ከተራራው ሥር በሜዳው በኩል አለፈ። በ1895 ዓ.ም. ባቡሩ የደረሰበት ሜዳ ከተማ ሆነ። መጀመሪያ አዲስ ሐረር ተባለ። በኋላ ድሬዳዋ የሚለው ስም ጸና። ሐዲዱ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው። ከጅቡቲ አዲስ አበባ 784 ኪሎ ሜትር ነበር። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ባቡሩ ሌሊት አይሄድም ነበር። ድሬዳዋና አዋሽ እያደረ በሦስት ቀን ይገባ ነበር። በ2009 ዓ.ም. ደግሞ በኤሌክትሪክ የሚሄድ አዲስ ባቡር ተመርቋል።

አይሮፕላንም ለዚህ አገር አዲስ አይደለም። የኢትዮጵያ አየር መንገድ የተቋቋመው በ1938 ዓ.ም. ነው። በዚያው ዓመት የመጀመሪያ በረራውን ወደ ካይሮ አደረገ።

ከምሽቱ 12 ሰዓት ከሩብ ላይ ድሬዳዋ ገባን። የእማማ የእኅት ልጅ ቤት አደርን። ማንም ደህና አልተኛም። እማማ በየሰዓቱ እየተነሡ «ነጋ እንዴ?» ይሉ ነበር።

አይሮፕላን ማረፊያው

ከንጋቱ 11 ሰዓት ላይ አይሮፕላን ማረፊያው በር ላይ ነበርን። ስሙ አባ ጤና ደጃዝማች ይልማ ይባላል። ከመነሻው ሁለት ሰዓት ቀደም ብሎ መድረስ ይሻላል። መታወቂያ ያያሉ። ሻንጣ ይመዝናሉ። ፍተሻ አለ። ይህ ሁሉ ጊዜ ይወስዳል።

እኛ ከበሩ ተመለስን። እማማ የልጁን እጅ ይዘው ገቡ። ከአጥሩ ውጭ ቆመን ጠበቅን። ከጧቱ 1 ሰዓት ካለፈ በኋላ ድምፁን ሰማን። አይሮፕላኑ ተነሣ። ወደ ምዕራብ ዞረና እያነሰ እያነሰ ሄደ።

ከጧቱ 2 ሰዓት ከሩብ ሲሆን ስልክ ተደወለ። እማማ ናቸው።

«ልጆቼ፣ ገባን። እኔ ዓይኔን ጨፍኜ ነው የመጣሁት። ልጁ ግን ተራራውን ሁሉ ሲያይ መጣ።»

ሒሳቡ

ሰኞ ክፍል ገብተን ጉዳዩን ለተማሪዎቻችን ነገርን። ስሕተቱ የእኛ መሆኑንም ነገርን። ከዚያ አብረን አሰላን።

ከድሬዳዋ አዲስ አበባ በሰማይ በቀጥታ ሲለካ 340 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በመኪና መንገድ ከሐረር 525 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የሰማዩ ያጠረው አይሮፕላን ተራራ ስለማይዞር ነው።

ጊዜን ለማግኘት ርቀትን ለፍጥነት እናካፍላለን። አንድ አይሮፕላን በሰዓት 600 ኪሎ ሜትር ቢበር፣ 340 ኪሎ ሜትር በ34 ደቂቃ ያልቃል። ታዲያ ትኬቱ ለምን 1 ሰዓት ያህል ይላል? አይሮፕላን ሲነሣ ቀስ እያለ ይወጣል። ሲያርፍም ቀስ እያለ ይወርዳል። መሬት ላይም ይንከላወሳል። ይህ ሁሉ ተደምሮ ነው።

አንዲት ተማሪ ተነሥታ ሌላ ጥያቄ አቀረበች።

«ታዲያ ከፈረስ መጋላ አዲስ አበባ 1 ሰዓት ነው ማለት ይቻላል?»

አይቻልም። እንደምር። ከሐረር ድሬዳዋ 1 ሰዓት ከሩብ። ማረፊያው ላይ መጠበቅ 2 ሰዓት። በረራው 1 ሰዓት። አዲስ አበባ ወርዶ ሻንጣ ተቀብሎ ቤት እስኪደርሱ 1 ሰዓት። ድምሩ 5 ሰዓት ከሩብ ነው። አውቶቡሱ 10 ሰዓት ያህል ይፈጃል። እንግዲህ አይሮፕላን መንገዱን በግማሽ ያህል ያሳጥራል። 1 ሰዓት የሚለው ሰማይ ላይ ያለውን ብቻ ነው። መንገደኛ ግን የሚኖረው ሰማይ ላይ ብቻ አይደለም።

አንድ አባት ደግሞ «በእግር ቢሆንስ?» አሉ። አንድ ሰው በቀን 35 ኪሎ ሜትር ቢሄድ 525 ኪሎ ሜትርን በ15 ቀን ይጨርሳል። ይህ ሳያርፍ፣ ሳይታመም፣ ወንዝ ሳይሞላበት ነው። በ1847 ዓ.ም. ሪቻርድ በርተን የተባለ እንግሊዛዊ በሱማሌ ጠረፍ ካለችው ዘይላ ወደ ሐረር መጥቶ ነበር። በቀጥታ ቢለካ ከ300 ኪሎ ሜትር አይበልጥም። እሱ ግን ሐረር እስኪገባ ከ1 ወር በላይ ፈጅቶበታል። ግመሉ፣ ፍርሃቱና ፈቃድ ልመናው ሁሉ ርቀት ሆኑበት።

ከባሕር ማዶ

ከክፍላችን ሐጅ ለመሄድ የሚያስቡ አሉ። ልጆቻቸው ዐረብ አገር የሚሠሩም አሉ። ስለዚህ ሒሳቡን ወደ እስያ አሻገርነው።

ከአዲስ አበባ ጅዳ 1,400 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ይህ የድሬዳዋን አራት እጥፍ ያህል ነው። በረራው ግን አራት ሰዓት አይፈጅም። ከሁለት ሰዓት ብዙ አይበልጥም። መነሣቱና ማረፉ አንድ ጊዜ ብቻ ነውና። መንገዱ በረዘመ መጠን አይሮፕላን ይበልጥ ይጠቅማል። የጅዳ ሰዓት ከእኛ ጋር እኩል ስለሚቆጥር መነሻና መድረሻውን መቀናነስ ይቻላል።

ዱባይ ግን ሌላ ነው። ከአዲስ አበባ 2,500 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። በረራው 4 ሰዓት ያህል ነው። የዱባይ ሰዓት ደግሞ ከእኛ በ1 ሰዓት ይቀድማል። ፀሐይ ለእነሱ ቀድማ ስለምትወጣ ነው። እንበል፣ ትኬቱ መነሻ 10፣ መድረሻ 15 ይላል። ቀንሳችሁ 5 ሰዓት እንዳትሉ። አራት ሰዓት ነው። አንዱ የአገሩ ልዩነት ነው። ልጃችሁ «15 ላይ እገባለሁ» ካለች በእኛ ሰዓት ቀኑ 8 ላይ ነው። ከዚያ በፊት ስልኳ ባይመልስ አትደንግጡ።

የእማማ ስልክ

ሰኞ ማታ እማማ እንደገና ደወሉ። ሐኪሙ ልጁን አይቷል። ገና ምርመራ ይቀረዋል። ሌላ ቀጠሮም ሰጥቷል። መንገዱ አላለቀም ማለት ነው። ነገር ግን የመጀመሪያው ቀጠሮ አላለፋቸውም።

ከዚያም የመመለሻ ትኬታቸውን አነበቡልን።

«አሥራ አራት ይላል። ስድስት ቀነስኩ። ስምንት ሰዓት ቀን ነው። ድሬዳዋ ዘጠኝ ላይ እወርዳለሁ። ሐረር አሥራ አንድ ሳይሞላ እገባለሁ።»

አፋችን ላይ «ጎበዝ እማማ» የሚለው ቃል መጥቶ ነበር። እሳቸው ግን ቀደሙን።

«ዝም ብላችሁ ጎበዝ አትበሉኝ። መጀመሪያ አጣሩልኝ።»

አጣራን። ልክ ናቸው። ከዚያ ጎበዝ አልናቸው።

በተመለሱ ዕለት ፈረስ መጋላ ሄደን ተቀበልናቸው። ሾፌሩም ሻይ ቤቱ በር ላይ ነበር። ልጁ አየውና ሮጠ ሊል ሲል እማማ በእጁ ያዙት። ቀስ ብሎ ሄዶ አጠገቡ ተቀመጠ። ያቺን የቅዳሜ ጥያቄ ራሱ መለሳት።

«ከዚህ አዲስ አበባ አምስት ሰዓት ከሩብ ነው» አለ።

እናንተም አስሉ

1. ትኬት 17 ቢል በእኛ ስንት ሰዓት ነው? ጧት ነው ወይስ ከሰዓት በኋላ?
2. አይሮፕላን ከድሬዳዋ ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ቢነሣ፣ ከሐረር ስንት ሰዓት ላይ መውጣት ይበጃል?
3. ከመንደራችሁ እስከ ጤና ጣቢያው ስንት ኪሎ ሜትር ነው? በሰዓት 4 ኪሎ ሜትር ብትሄዱ ስንት ሰዓት ይፈጃል?

ሦስተኛውን ጥያቄ ጽፋችሁ ቤት ውስጥ ግድግዳ ላይ ለጥፉት። ሌሊት ሰው ሲታመም የሚያስፈልገው እሱ ነው።